«ዕረፍት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል»፦ ከእኩዮቹ መቀላቀል ለቸገረው የ4 ዓመት ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወር ሆኖታል። ዘንድሮ መስከረም ላይ ነርሰሪ አስገባሁት፤ አሁን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ያሳደገችው እናቴ ነበረች። እሷ ወደ ደብረ ብርሃን ከተመለሰች በኋላ ሠራተኛ ቀጠርን። ቤታችን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ብቻውን ወርዶ መጫወት አይችልም፤ ስልክና ቴሌቪዥን ያዘወትራል። ቤት ውስጥ ወሬው አያልቅም፣ ትምህርት ቤት ግን ድምፁ አይሰማም። ጠዋት በሩ ላይ ቀሚሴን ይዞ ያለቅሳል። ዕረፍት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ወደ ልጆቹ ሲሄድ ደግሞ ወይ መጫወቻቸውን ይቀማል ወይ ይገፋቸዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱን ነክሶ መምህርቷ አስጠራችኝ። አባቱ «ወንድ ልጅ ነው፣ ራሱ ይለምደዋል» ይላል። ጎረቤቶቼ «አንድ ዓመት ቤት አቆዪው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ኦቲዝም ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ልቅጣው? ትምህርት ቤት ልቀይርለት? ምን ላድርግ?
እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ስናነብ ከንክሻውም ከልቅሶውም በፊት ዓይናችን ያረፈው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ያሳደጉት አያቱ ነሐሴ ላይ ሄደዋል። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገባ። በእነዚያው ሳምንታት የማያውቃት ሠራተኛ ቤቱ መጣች። ለትልቅ ሰው እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ለእሱ ግን አንድ ላይ የወረዱበት ናቸው፦ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያገኛት ሰው የለችም፣ አሁን ደግሞ እናቱ በር ላይ ትታው ልትሄድ ነው። ቀሚስዎን ጨምድዶ የሚይዘው ስለተሞላቀቀ አይደለም። የሄደ ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ ገና እርግጠኛ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ከዚህ ይጀምሩ። ብዙ ቤተሰብ «እንዳያስታውስና እንዳያለቅስ» ብሎ የሄደውን ሰው ስም ማንሳት ያቆማል። ልጁ ግን ዝምታውን በራሱ መንገድ ይፈታዋል፤ «አስቀይሜያት ነው የሄደችው» ብሎ የሚያምን ልጅ ጥቂት አይደለም። እውነቱን በአጭሩ ይንገሩት፦ «አያትህ ደብረ ብርሃን ቤቷ ናት። የሄደችው አንተ ስላጠፋህ አይደለም። እሑድ ከምሳ በኋላ እንደውልላታለን።» ከዚያም እሑድ ከምሳ በኋላ በእርግጥ ይደውሉ፣ በየሳምንቱም አይዝለሉት። ፎቶዋን እሱ በሚደርስበት ቁመት ይለጥፉለት። እናቱ የተናገረችው እንደሚሆን በዚህ ደጋግሞ ሲያይ ነው ጠዋት በር ላይ «እመለሳለሁ» ሲሉት የሚያምንዎት።

እንቅልፍ የነሳዎትን ጥያቄም ሳናዘገይ እንመልስ። ከደብዳቤ ላይ ተነስቶ ኦቲዝም ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም፤ እርስዎ ግን ቤት ውስጥ የሚከተሉትን ማየት ይችላሉ። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን ለማስመጣት ብቻ ሳይሆን ደስ ያለውን ነገር ለማሳየት ጭምር በጣቱ እየጠቆመ «እይው!» ይላል? ዓይን ዓይንዎን እያየ ይስቃል? ባዶ ሲኒ አንስቶ ቡና የሚጠጣ ያስመስላል? አንድ ነገር ነግሮዎት፣ የእርስዎን ሰምቶ፣ እንደገና ይመልስልዎታል? እነዚህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነና ችግሩ የታየው ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ከሆነ፣ የሚያዩት ነገር ከእንግድነትና ከልምድ ማነስ የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ከጎደሉ፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉ፣ ወይም አንድን እንቅስቃሴ ለረጅም ጊዜ እየደጋገመ ትንሽ ለውጥ ሲገጥመው ከልክ በላይ የሚረበሽ ከሆነ ግን «ያድጋል» ብለው አይቆዩ፤ የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። አዲስ አበባ ውስጥ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም አለ።

ጆሮውንም አይርሱ። ጉንፋን በተመላለሰበት ልጅ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ጸጥ ባለ ቤት ይሰማል፣ በጫጫታ ክፍል ውስጥ ግን ንግግሩ ያመልጠዋል፤ «ሲጠሩት አይሰማም፣ ግትር ነው» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ድምፁን ደጋግሞ የሚጨምር ከሆነ ወይም ከኋላው ቆመው በዝግታ ሲጠሩት የማይዞር ከሆነ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ይውሰዱት።

ዝምታውን በተመለከተ አንድ ቀን በካሌንደርዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቤት ውስጥ ብዙ የሚያወሩ፣ ትምህርት ቤት ግን ጨርሶ የማይናገሩ ልጆች አሉ። የመጀመሪያው የትምህርት ወር አይቆጠርም፤ አዲስ ልጅ ዝም ማለቱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ሙሉ ወር ለመምህርቷም ለልጆቹም አንድ ቃል ካልተነፈሰ ግን የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ማየት አለበት። እስከዚያው «ተናገር እንጂ!» ብሎ ማስጨነቅ ዝምታውን ያጠብቀዋል። በአንገት ነቅነቅ፣ በመጠቆም፣ በጆሮ በማንሾካሾክ የሚሰጠውን መልስ እንደ ሙሉ መልስ ተቀበሉት።

ትምህርት ቤቱ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ከሆነ ደግሞ የዝምታው ግማሽ ምክንያት እዚያ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ በአማርኛ ብቻ ያደገ ልጅ «ስታንድ አፕ»፣ «ሼር» ሲባል ምን እንደተፈለገ አያውቅም፣ የጓደኞቹን አይቶ እስኪከተል ይዘገያል፣ ይዘገያልና ይቆጡታል። መምህርቷ ትእዛዙን አንድ ጊዜ በአማርኛም እንድትደግምለት ይጠይቁ። እርስዎም በየቀኑ የሚሰማቸውን አምስት ስድስት ቃላት ብቻ ከእሷ ተቀብለው ቤት ውስጥ በጨዋታ ያለማምዱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ልጅዎ ልጆችን አይጠላም። ቢጠላቸው ግድግዳ ተደግፎ አያያቸውም፣ ወደ እነሱም አይሄድም ነበር። የቸገረው አገባቡ ነው። እስከ ዛሬ አብሮት የተጫወተው ትልቅ ሰው ነው። አያት ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር ያውቃሉ፣ ኳሱን ይለቁለታል፣ ሆን ብለው ይሸነፉለታል። እኩያው ግን አይለቅለትም። ስለዚህ ቅሚያው በእጅ የቀረበ ጥያቄ ነው፣ ግፊያውም «እኔም አለሁ» ማለት ነው። ይህን በቅጣት ማስቆም ይቻል ይሆናል፤ ግን በቦታው የሚተካ ነገር ካልተማረ ወደ ግድግዳው ነው የሚመለሰው።

ሚልድረድ ፓርተን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የትንንሽ ልጆችን ጨዋታ በደረጃ ከፍላ አሳይታለች፦ ለብቻ መጫወት፣ ቆሞ ማየት፣ ጎን ለጎን ሆኖ ተመሳሳይ ነገር መጫወት፣ ዕቃ እየተቀባበሉ መጫወት፣ በመጨረሻም ሥራ ተከፋፍሎ አብሮ መጫወት። ልጆች በእነዚህ መካከል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ እንጂ አንዱን ጨርሰው አንዱን አይጀምሩም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ቆሞ ማየት ራሱ ከጨዋታው አንዱ መሆኑ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ጎን ለጎን መጫወት ነው። «ሂድና ከእነሱ ጋር ተጫወት» የሚለው ትእዛዝ የሚያስጨንቀው ሁለት ደረጃ ዘሎ ከመጨረሻው እንዲጀምር ስለሚጠይቀው ነው።

አገባቡን ቤት ውስጥ ያስተምሩት። ሁለት ካልሲ በሁለት እጅዎ ላይ ያጥልቁና አሻንጉሊት ያድርጓቸው። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ሲጠግብና ሲረጋጋ እንጂ ከትምህርት ቤት ደክሞ እንደገባ አይሁን። አንደኛው ካልሲ በቡሽ ቤት ይሠራል፤ ሁለተኛው መጫወት ይፈልጋል። መጀመሪያ ይቆምና ምን እንደሚሠራ ያያል። ቀጥሎ ይጠጋና ሳይነካበት እዚያው አጠገብ እሱም በሌላ ቡሽ መሥራት ይጀምራል። ቀጥሎ ለጨዋታው የሚረባ ነገር ይዞ ይመጣል ወይም ይናገራል፦ «ለቤቱ በር ይኸው»፣ «እኔ ውኃ አመላላሽ ልሁን»። ልጆች «ልጫወት?» ለሚለው ጥያቄ ቶሎ የሚሰጡት መልስ «አይቻልም» ነው። ለጨዋታው የሚጠቅም ነገር ይዞ የመጣን ልጅ ግን ማባረር ይከብዳቸዋል። ብዙ ወላጆች «በትሕትና ጠይቅ» ብለው ብቻ ስለሚልኩ ልጁ ተከልክሎ ይመለስና እንደገና መሞከር ይፈራል።

መከልከልንም ያለማምዱት። ተወዳጅ የሚባሉት ልጆች ሳይቀሩ ወደ ጨዋታ ለመግባት ሲሞክሩ ብዙ ጊዜ «አይ» ይባላሉ፤ ልዩነታቸው ቆይተው ደግመው መሞከራቸው ወይም ወደ ሌላ ልጅ መሄዳቸው ነው። አንዱ ካልሲ «አይቻልም!» ይበል፤ ሌላው «እሺ፣ በኋላ እመጣለሁ» ብሎ ወደ ኳሱ ይሂድ። ከዚያ ካልሲውን ለልጅዎ ይስጡትና እሱ ይከልክልዎት። መከልከሉ ያስቀዋል፣ እያሳቀውም ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ቀጥሎ ተራ መጠበቅ ነው። መሬት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ኳስ እያንከባለላችሁ ተቀባበሉ፤ በየጊዜው «የእኔ ተራ»፣ «የአንተ ተራ» እያላችሁ። መጀመሪያ 5 ዙር ካለፈ ጥሩ ነው። ከዚያ አባቱ ወይም ሠራተኛዋ ሦስተኛ ሆነው ይግቡ፤ በሦስት ሰው መካከል የሚጠብቀው ጊዜ በእጥፍ ይጨምራልና እዚህ ላይ ሊያለቅስ ይችላል። አኩኩሉ ለዚህ የተፈጠረ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚፈልገው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ!» ይላል፣ የሚደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ፣ «ነጋ» እስኪባል መጠበቅ ግድ ነው። ሁልጊዜ አይሸነፉለት። ከሦስት ጨዋታ አንዱን ይሸነፍ፤ ሲሸነፍም «ተናደድክ አይደል? እንደገና እንጫወት» ይበሉት። ቤት ውስጥ ተሸንፎ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ሽንፈት የሚቀምሰው 30 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ይሆናል።

እነዚህን ለሁለት ሳምንት ያህል ከተለማመዱ በኋላ አንድ ልጅ ቤት ይጋብዙ። አንድ ብቻ። አብዛኛው ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ይላመድ» ብሎ የብሎኩን ልጆች በሙሉ ይጠራል ወይም የልደት ድግስ ያዘጋጃል፣ ልጁም ከድግሱ መሃል አልጋ ስር ይገኛል። ማንን እንደሚጠሩ መምህርቷን ይጠይቁ፤ ረጋ ያለ፣ በዕድሜ የሚቀራረብ፣ ቢቻል ሰፈሩ ቅርብ የሆነ ልጅ። አንደበተ ርቱዕና ፈጣን የሆነውን ልጅ አይምረጡ፤ እሱ ጨዋታውን ይመራዋል፣ ልጅዎ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ቀን ከ45 ደቂቃ አይብለጥ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ያለው ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሁለቱም አልራቡም፣ አልደከሙም። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ልጅዎ ለማንም መስጠት የማይፈልጋቸውን ሁለት ሦስት መጫወቻዎች አብራችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉ። ሁሉን እንዲያካፍል ማስገደድ ልግስናን አያስተምርም። የቀሩት ነገሮች ጥንድ ጥንድ ይሁኑ፦ ሁለት መኪና፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ባልዲ፣ ሊጥ ከተሠራም ሁለት ድቡልቡል። ስልኩና ቴሌቪዥኑ ይጥፉ፤ ካልሆነ ሁለት ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስክሪን ያያል እንጂ አይጫወትም። መጀመሪያ ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ፣ ቀጥሎ ጎን ለጎን የሚሠራ ነገር፣ በመጨረሻ ፈንዲሻ ወይም ሙዝ። እርስዎ በክንድ ርቀት ይቀመጡ። ከእንግዳው ልጅ እናት ጋር ቡና ይዘው ጨዋታ ከጀመሩ ግፊያውን የሚያዩት ከተገፋ በኋላ ነው። ጥል ሲሸት ገብተው አይፍረዱ፤ ቃሉን ያቀብሉት፦ «ስትጨርስ ስጠኝ በለው።» ጨዋታው ደርቶ ሳለ ያብቃ። ሁለቱም እንደገና መገናኘት እየፈለጉ መለያየታቸው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ስንቅ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከዚያው ልጅ ጋር ከተገናኘ በኋላ ሁለተኛ ልጅ ይጨምሩ። ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ የሚያውቀው ፊት መኖሩ ብቻውን የዕረፍት ሰዓቱን ይለውጠዋል።

ንክሻውን በተመለከተ፣ መልሰው እንዳይነክሱት፣ አፉንም በበርበሬ እንዳይነኩት አደራ። ትልቅ ሰው ሲያደርገው ያየውን «ክፉ ነው» ብሎ አይተወውም። ሲነክስ ወይም ሊነክስ ሲል እጁን ይዘው ዝቅ ብለው በአጭሩ ይናገሩ፦ «መንከስ ያማል። አልፈቅድም።» ከዚያ ፊትዎን ወደተነከሰው ልጅ ያዙሩ፤ መጀመሪያ የሚጽናናው እሱ ነው። ልጅዎ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ አምጥቶ ይስጠው። «ይቅርታ በል! በል እንጂ!» እያሉ ሰው ፊት አሥር ጊዜ ማስደገም ከሀፍረት ሌላ ፍሬ የለውም፤ ጨርቁን ማምጣቱ ግን ያጠፋውን በእጁ እንዲያስተካክል ያደርገዋል። ሁለቱም ሲረጋጉ በምትኩ ምን ማለት እንደነበረበት በካልሲዎቹ ያሳዩት።

መምህርቷም ለአንድ ሳምንት በአንዲት ወረቀት ላይ አራት ነገር ብቻ እንድትጽፍ ይለምኗት፦ ሰዓቱን፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ። አብዛኛውን ጊዜ መልኩ በዚህ ይገለጣል። ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የሚሄድ ልጅ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይናከሳል። አንዳንዱ ሁልጊዜ እጅ መታጠቢያው ሰልፍ ላይ፣ ልጆች ሲተፋፈጉ፣ ነው የሚገፋው። አንዳንዱ ሁልጊዜ አንድን ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ ያ ልጅ ማንም ሳያይ ምን እንደሚያደርገው መታየት አለበት። ለረሃብ ቁርስ፣ ለሰልፍ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ቦታ፣ ለጥንዱ መለያየት። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ቅጣት ከእነዚህ አንዱንም አይነካም።

ጠዋት በሩ ላይ የሚደረገው ነገር አጭርና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ከሌሎቹ 10 ደቂቃ ያህል ቀድመው ይድረሱ፤ ባዶ ግቢ ውስጥ መግባት 200 ልጅ በሚጮህበት ግቢ ከመግባት ይቀላል። ሁልጊዜ አንዲት መምህርት ትቀበለው። እቅፍ፣ ሳም፣ «ምሳ በልታችሁ፣ ተኝታችሁ ስትነሱ እመጣለሁ»፣ ከዚያ ይሂዱ። ጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። «9 ሰዓት እመጣለሁ» ቢሉት ሰዓት አያውቅም፤ ቀኑ ውስጥ ያለውን ነገር ይንገሩት። የነጠላዎን ቁራጭ ወይም መሐረብዎን ኪሱ ውስጥ ይክተቱለት። «ብስኩት ልግዛልህ» ብለው ሹልክ አይበሉ። ያን ቀን ያለ ልቅሶ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ግን ከዓይኑ ሊለይዎት አይፈልግም፣ ቤት ውስጥ እንኳ መጸዳጃ ቤት ድረስ ይከተልዎታል። መስኮት ላይ ቆሞ ማየትም ይቅር፤ ጭንቅላትዎን ካየ እንደገና ይጀምራል። ልቅሶው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መምህርቷን ይጠይቁ። ከ10 ደቂቃ በታች እያጠረ ከሄደ እየለመደ ነው።

መምህርቷ ጋ ስሞታ ለመስማት ብቻ አይሂዱ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ 10 ደቂቃ ይጠይቋትና «እንዴት ነው?» ከማለት «ደህና የሚሆነው መቼ ነው?» ይበሏት። ምናልባት ሲሥሉ፣ ምናልባት ዘፈን ሲዘፈን ነው፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ሦስት ነገር ይለምኗት። ከዚያ ከጋበዙት ልጅ አጠገብ ታስቀምጠው። ለሁለቱ አንድ ሥራ ትስጣቸው፤ ደብተር ማደል፣ ቀለም መሰብሰብ። ዕረፍት ላይ ደግሞ ልጆቹ ከሚጫወቱበት አንድ እርምጃ ራቅ ብላ እነሱ የያዙትን ዓይነት ዕቃ ትስጠው። ብዙ ልጅ የያዘች መምህርት ረጅም ምክር ለመተግበር ጊዜ የላትም፤ ሦስት አጭር ነገር ግን ታደርገዋለች። ለውጥ ሲያዩም ሄደው ያመስግኗት።

ስልኩ ራሱን ችሎ ልጁን አላበላሸውም፣ ጊዜውን ግን ወስዶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች የተቀመጠው በቀን ከ1 ሰዓት ያልበለጠ ስክሪን፣ ቢያንስ 3 ሰዓት እንቅስቃሴ፣ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ነው። በአንድ ጊዜ ከነጠቁት ጦርነት ይሆናል። መጀመሪያ ከመኝታና ከምግብ ሰዓት ያውጡት፣ ከዚያ በየሳምንቱ ይቀንሱ፣ በቦታውም ሠራተኛዋ ከትምህርት ቤት መልስ 30 ደቂቃ ይዛው ትውረድ። ለእሷ ይህ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ከሌላ ሥራዋ ይቀንሱላት። ቤት ውስጥ ያለው ሕግ በእርስዎም፣ በአባቱም፣ በእሷም ዘንድ አንድ ይሁን፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው ከፈቀደ ልጁ የሚማረው ማን ጋ እንደሚለቀስ ነው።

ባህላችን ለዚህ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን ለእንግዶች እሱ ያዙር፣ ምግብ ሲቀርብ ማስታጠቢያውን ከእርስዎ ጋር ይያዝ፣ ገበታ ላይ ከፊት ለፊቱ ይቁረስ። ሰው ፊት የሚሠራው ትንሽ ሥራ ያለው ልጅ ከእናቱ ቀሚስ ጀርባ መደበቅ አያስፈልገውም። እንግዳ እንዲስም ግን አያስገድዱት። «እጅ ትሰጣለህ ወይስ ጎንበስ ትላለህ?» ብለው ያስመርጡት፤ አክብሮቱም ይጠበቃል፣ እሱም አይጨነቅም። «ዓይን አፋር ነው» እያሉ እሱ እየሰማ ለሰው አይንገሩ፤ «ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» ይበቃል። «አያ ጅቦ ይበላሃል»፣ «ለፖሊስ እሰጥሃለሁ» ማለትም ይቅር፤ የማያውቀውን ሰው ሁሉ እንዲፈራ ተምሮ እንዴት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ይጫወት?

ባለቤትዎ «ይለምደዋል» ማለታቸው በከፊል ትክክል ነው። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ በ1956 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በጀመሩት ረጅም ጥናት ከልጆቹ 15 በመቶ ያህሉ ለአዲስ ነገር መጀመሪያ ወደኋላ የሚሉ፣ ቀስ እያሉ ግን የሚላመዱ ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገፋ ይሸሻል፣ ጨርሶ ሲተውም ባለበት ይቆያል። እናም አባቱ በቅዳሜው ጨዋታ ውስጥ ይግቡ፤ ኳሱን ከሚያንከባልሉት አንዱ እሳቸው ይሁኑ።

አንድ ዓመት ቤት ማቆየቱን አንመክርም። አራተኛ ፎቅ ላይ ከስልክ ጋር የሚያልፍ ዓመት የጎደለውን ልምድ አይሞላለትም፤ በሚቀጥለው መስከረም የክፍል ጓደኞቹ ለምደው እሱ አዲስ ይሆናል። ትምህርት ቤት መቀየርም ሦስት ለውጥ በወረደበት ልጅ ላይ አራተኛ መጨመር ነው፤ ከላይ ያልነውን ሁሉ አድርገው ቢያንስ ሁለት ወር ይጠብቁ። አንድ ነገር ካለ ግን አንድ ቀንም አይጠብቁ፤ ልጆች የሚመቱበት፣ የሚቆነጠጡበት ወይም ክፍል ፊት ተንበርክከው የሚሰደቡበት ቦታ ከሆነ። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ በአካል ከሚፈጸም ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ርዕሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ መልስ ካላገኙ ያውጡት።

ለውጡን የሚለኩት በየቀኑ ሳይሆን በየሁለት ሳምንቱ ይሁን። መጀመሪያ የሚያዩት ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ መቆሙን ነው፤ ቀጥሎ አጠገባቸው ሆኖ አሸዋ መሙላቱን፤ ከዚያ ቤት ገብቶ የአንድ ልጅ ስም መጥራቱን። ስሙን የጠራ ቀን ያንን ልጅ ይጋብዙለት። ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን ከቀረ ወይም የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ ልቅሶው ይመለሳል፤ ይህ ወደኋላ መመለስ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜም ከሳምንት አያልፍም። ዕረፍቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው የመኝታና የመነሻ ሰዓቱን ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልሱ፣ በመጨረሻው ቅዳሜም ጓደኛውን ይጥሩለት። ሰኞ ጠዋት ከጓደኛው እናት ጋር ተቀጣጥረው ሁለቱን በአንድ ሰዓት በሩ ላይ ያድርሷቸው።